ድሪምላይነር ወይስ ኤ350? ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ውስጣቸው ያለውን እንይ

ረጅም በረራ ስትፈልጉ በአንድ ቀን በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት አማራጭ ይመጣላችሁና አንዱ ጋ 788 ወይም 789 ሌላው ጋ 359 ወይም 351 ሚል ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ የአውሮፕላኑን አይነት ሚናገረው እሱ ነው። 788 እና 789 ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ነው፣ 359 እና 351 ደግሞ ኤርባስ ኤ350። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱንም ያበራል፣ ድሪምላይነርን በ2012 ኤ350ን ደግሞ በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው እሱ ነው (በፈረንጆች)፣ ትልቁን ኤ350-1000ንም በ2024 ተረክቧል። ስለዚህ የትኛው ይሻላል ሚለው ለኛ ተሳፋሪ የእውነት ምርጫ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በሴፍቲ ብቻ አንዱን ከሌላው አስበልጦ መምረጥ ሚቻል አይመስለኝም። በምቾት ግን ልዩነት አለ፣ ልዩነቱም በአብዛኛው ሚመጣው ከማታዩት ሲስተም ነው።

ከአየሩ እንጀምር። አብዛኛው ጄት ላይ ምትተነፍሱት አየር ሚቀዳው ከሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ጨምቆ ያሞቀውን አየር ቀንሰው ያቀዘቅዙትና ወደ ካቢን ይልኩታል፣ ኤ350ም እንደዛ ነው ሚሰራው። 787 ግን ይሄን ትቶታል፣ ሆዱ ስር ባሉ መግቢያዎች አየር ከውጭ ያስገባና በኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር ይጨምቀዋል። ክንፉ ላይ በረዶ እንዳይሰራ ሚያሞቀውም በኤሌክትሪክ ነው፣ ሞተር ሚያስነሳውም በኤሌክትሪክ፣ ፍሬኑ ራሱ ኤሌክትሪክ ነው። ለዚህ ሁሉ መብራት ያስፈልጋላ! ስለዚህ እያንዳንዱ ሞተር ላይ ሁለት ሁለት ባለ 250 ኬቪኤ (የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ ነው) ጄኔሬተር ተገጥሞለታል፣ ኤ350 ላይም አራት ናቸው ግን እያንዳንዳቸው 100 ኬቪኤ ናቸው። ለተሳፋሪ ምን ይጠቅመዋል ካላችሁ፣ ሞተር ውስጥ ትንሽ ዘይት ቢያፈስ ሽታው በዚያ መንገድ ወደ 787 ካቢን አይገባም። ሽታ ሚረብሻችሁ ሰዎች ይቺን ያዙ።

ግፊቱ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። ድሮዎቹ አውሮፕላኖች የካቢኑን ግፊት 2400 ሜትር ተራራ ላይ ያላችሁ ያህል ድረስ ይለቁታል፣ እነዚህ ግን 1800 ሜትር አካባቢ ላይ ይይዙታል፣ ምክንያቱም አካላቸው በክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ፋይበርን የመሰለ ኮምፖዚት ስለሆነ (787 50 ፐርሰንት፣ ኤ350 53 ፐርሰንት) ግፊቱን በደንብ ይችላል፣ እርጥበትም እንደ አሉሚኒየም ስለማይበላው የካቢኑን አየር ትንሽ እርጥብ ማድረግ ይቻላል፣ ያን ያህል ጉሮሮ አያደርቅም። ማስታወቂያው ላይ ማይነገረው ነገር ግን አዲስ አበባ ራሷ ከ2300 ሜትር በላይ መሆኗ ነው፣ ማለትም ከቦሌ ተነስታችሁ ሰማይ ላይ ስትደርሱ ካቢኑ ከቤታችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ነው ሚሆንላችሁ። እና ለአዲስ አበባ ሰው ይሄ ብዙም ማያስደንቅ ነገር ነው፣ ለዓመታት ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የኖረ ሰው ግን በተለይ እድሜያቸው የገፋ እናት አባት ይዞ ሚመጣ ከሆነ በአሮጌ አውሮፕላን ከመምጣት ከሁለቱ አንዱን ቢመርጥ በጣም ደስ ይለኛል።

ወንበር ላይ ኤ350 ያሸንፋል። ሁለቱም ኢኮኖሚ ላይ በብዛት ሶስት ሶስት ሶስት ናቸው፣ ግን የኤ350 ካቢን ሰፋ ስለሚል ወንበሩ 18 ኢንች አካባቢ ሲሆን 787 ላይ 17 ኢንች ምናምን ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ምን ታደርጋለች እንዳትሉ፣ አስራ ምናምን ሰዓት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ መቀመጥን ሚያውቅ ያውቃታል። መስኮት ላይ ደግሞ 787ን ሚወዳደረው የለም፣ ቁመቱ 47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ መጋረጃ የለውም፣ ከስሩ ያለችውን በተን ስትጫኑ መስታወቱ ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆኖ ይጠቁራል። ችግሩ ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣች ሙሉ በሙሉ አይጨልምም፣ ሆስተሶቹም ከፈለጉ የሁሉንም ባንዴ ያጠቁሩታል፣ መተኛት ለሚፈልግ ሰው በእጅ ሚወርደው የኤ350 መጋረጃ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ሰው ሚፈራው ጋ እንምጣ። የ787 ባትሪ ታሪክ እውነት ነው። በጃንዋሪ 2013 ቦስተን ላይ የቆመ አውሮፕላን ሊቲየም ባትሪው ተቃጠለ፣ ከቀናት በኋላ ጃፓን ውስጥ ሌላ 787 በጭስ ምክንያት ድንገት አረፈ፣ በዓለም ላይ ያሉት በሙሉ ከበረራ ታገዱ። መፍትሄው ባትሪውን የብረት ሳጥን ውስጥ መዝጋትና ጭስ ቢኖር በቱቦ ወደ ውጭ ማስወጣት ነበር፣ ከእገዳው በኋላ መጀመሪያ መንገደኛ ጭኖ የበረረውም የኛው አውሮፕላን ነው፣ ኤፕሪል 27 ከአዲስ አበባ ናይሮቢ። ኤርባስም ይሄን አይቶ ኤ350ን በኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው ያስጀመረው። በዛው ዓመት ጁላይ ላይ ለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረ የኛ 787 ጅራቱ አካባቢ ሲቃጠል ብዙ ሰው ያው ባትሪ ነው ብሎ ነበር፣ ምርመራው ግን ያገኘው ሌላ ነገር ነው፣ አውሮፕላን ቢወድቅ ያለበትን ቦታ በሬድዮ ሚያሳውቀው ትንሽዬ መሳሪያ የባትሪ ሽቦው ክዳኑ ስር ተቆንጥጦ ነበር። ማንም አልተጎዳም፣ አውሮፕላኑም ተጠግኖ ስራ ጀምሯል።

ሃይድሮሊክ (በፈሳሽ ግፊት መሪ ክፍሎቹን ሚያንቀሳቅሰው ሲስተም) ላይ ሁለቱም እኩል 5000 ፒኤስአይ ግፊት ነው ሚጠቀሙት። 787 ሶስት መስመር አለው፣ ኤ350 ሁለት ብቻ፣ ግን ሶስተኛውን የቀነሱት መሪ ክፍሎቹን በኤሌክትሪክ ሚያንቀሳቅስ መጠባበቂያ ስለሰሩለት ነው። ሁሉም ቢጠፋ ደግሞ ሁለቱም ትንሽ ፕሮፔለር ወደ ውጭ ዘርግተው ነፋሱ ሲያሽከረክራት ኃይል ያመነጫሉ፣ ራት ይሏታል። ጁን 2025 አህመዳባድ ላይ የተከሰከሰው የኤር ኢንዲያ 787 ላይም ራቷ ወጥታ ነበር፣ ከ242 ሰው አንድ ብቻ ነው የተረፈው፣ ነፍሳቸውን ይማር። የመጀመሪያ ደረጃው ሪፖርት እንዳለው የሁለቱም ሞተሮች የነዳጅ ማብሪያ ማጥፊያ ከተነሱ በኋላ በአንድ ሰከንድ ልዩነት ወደ ማጥፊያው ዞሯል፣ በዛ ከፍታ ላይ ነዳጅ ሲቋረጥ ራት ሞተርን አትተካም።

ፓይለቶቹ ጋ ያለው ልዩነት አጭር ነው። 787 መሪ አለው፣ ኤ350 በጎን ያለ ጆይስቲክ። ኤ350 ላይ ምወደው ግን ካቢኑ ግፊት አጥቶ ፓይለቶቹ ምንም ካላደረጉ አውሮፕላኑ ራሱ ወደ ዝቅተኛ ከፍታ ሚወርድበት ሲስተም ነው፣ ሲያርፍም አስፋልቱ ሚያልቅበት ከመሰለው ቀድሞ ያስጠነቅቃል።

ኦክስጅን ማስኩን በተመለከተ፣ 787 ላይ ከራሳችሁ በላይ ትንንሽ የጋዝ ሲሊንደሮች አሉና ስትተነፍሱ እየጠበቀ ይለቃል። ብዙ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ማስኩን ስትጎትቱት ኬሚካል ተቀጣጥሎ ነው ኦክስጅን ሚሰጠው፣ የተቃጠለ ነገር ሊሸታችሁ ይችላል፣ አትደንግጡ። ከረጢቷ ባትነፋም እየሰራ ነው። ዋናው ጠበቅ አድርጎ መጎተቱ ነው፣ ካልተጎተተ አይጀምርም።

በሮቹ በሁለቱም በየጎኑ አራት አራት ናቸው (787 እና ኤ350-900)፣ እያንዳንዱ በር ላይ በሰከንዶች ውስጥ ሚነፋ ስላይድ አለ። ህጉ ግማሹ በር ብቻ ተከፍቶ ሰው በሙሉ በ90 ሰከንድ ይውጣ ይላል፣ እውነተኛ አደጋ ግን እንደ ህጉ አይሆንም። ጃንዋሪ 2 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ ኤ350 ሲያርፍ አስፋልቱ ላይ ከነበረ የባህር ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። ከስምንቱ በር ለመውጫ የሆኑት ሶስት ብቻ፣ ሁለቱ ፊት አንዱ ከኋላ በግራ፣ የውስጥ ድምፅ ማጉያው አልሰራ ብሎ ሆስተሶቹ በሜጋፎንና በጩኸት ነው ሰው ያስወጡት። 379ኙም ወጡ፣ አውሮፕላኑ ከዛ በኋላ አመድ ሆነ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች ግን አምስቱ ሞተዋል። ሰው ሻንጣውን ትቶ ነው የወጣው፣ እዛ ጭስ ውስጥ አንድ ሰው ሻንጣ ላውርድ ብሎ መተላለፊያውን ቢዘጋ ኖሮ ከኋላው ያሉት ምን ይሆኑ እንደነበር አስቡት፣ እና እባካችሁ ፓስፖርትና ስልክ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

በቃ ዋጋው እኩል ከሆነ፣ ሰውነታችሁ ሞላ ያለ ከሆነ ወይም መተኛት ምትፈልጉ ከሆነ ኤ350 ቁረጡ፣ እኔም እሱን ነው ምመርጠው። መስኮት ጋ ተቀምጦ ማየት ሚወድ ወይም ሽታ ሚረብሸው 787 ይያዝ። 787 ከ5 ሺ ብር በላይ ከረከሰ ግን ለ2 ሴንቲ ሜትር ብዬ አልከፍልም። የቱንም ያዙ የቱን ወንበር ስትመርጡ ካርታው ላይ ከፊትም ከኋላም ቅርብ ያለውን በር እዩ፣ ስትገቡ እስከሱ ያለውን ረድፍ ቁጠሩ፣ ጭስ ካለ ምትሄዱት በመዳሰስ ነውና። ከበረራው በፊት ባለው ቀንም ቁጥሩን ደግማችሁ ተመልከቱ፣ አውሮፕላን ሊቀየር ይችላል፣ ከተቀየረ የያዛችሁት ወንበርም አብሮ ሊቀየር ይችላል።