ለስላሳ ወይስ ጠንካራ? የእጅ ወይስ የኤሌክትሪክ? የጥርስ ብሩሽ ስትመርጡ

የብሩሽ ማሸጊያ ላይ ብዙ ነገር ይጻፋል። እኔ ቀድሜ የምፈልገው አንድ ቃል ነው፦ «ለስላሳ»።

ብዙ ሰው ጠንካራው የበለጠ የሚያጸዳ ይመስለዋል። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ፕላክ (የባክቴሪያ ንጣፍ) ግን ራሱ ለስላሳ ነገር ነው። በለስላሳ ብሩሽ ይለቃል። ጠንካራው የሚጨምረው ጉዳት ነው፤ ድድን ያሸሻል። የሸሸ ድድ ደግሞ በራሱ ተመልሶ አያድግም። ከሥሩ የሚገለጠው የጥርስ ክፍል ኢናሜል (ጠንካራው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን) ስለሌለው ቶሎ ይበላል። እስቲ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ላይ ጥፍራችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ጎድጎድ ያለ ቦታ ጥፍራችሁን ከያዘው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጡም ከጠዘጠዛችሁ፣ አቦራረሻችሁን ጠርጥሩ። ሐኪምም ይየው።

መካከለኛውስ? ስሙ ደህና ይመስላል፤ እኔ ግን አልገዛውም። እጁ ለሚከብድ ሰው ከጠንካራው ብዙም አይሻልም። ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነውን ውሰዱ፤ ትልቁ ከመጨረሻው መንጋጋ ጀርባ አይደርስም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። የኤሌክትሪክ ብሩሽ በእርግጥ ይበልጣል? አዎ፣ በመጠኑ። የጤና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ግምገማ፣ ከሦስት ወር በላይ ሲጠቀሙበት ከእጅ ብሩሽ ይልቅ ፕላክን በ21 በመቶ፣ የድድ ብግነትን በ11 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቀላል ልዩነት አይደለም። ቢሆንም በእጅ ብሩሽ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በትክክል የሚቦርሽ ሰው የግድ መቀየር የለበትም።

የኤሌክትሪኩን የምመክረው ጣቶቹን ለሚያመው፣ ጥርሱ ላይ ብሬስ (ጥርስ የሚያስተካክል ሽቦ) ላሰረ ወይም ሲቦርሽ ለሚጫን ሰው ነው። የምትጫኑ ከሆነ፣ ስትጫኑ የሚያስጠነቅቀውን ምረጡ። ተቀያሪ ጭንቅላቱ በቀላሉ እንደሚገኝ ሳታረጋግጡ ግን አትግዙ፤ ካልተገኘ መያዣው ብቻ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ስትጠቀሙበት ደግሞ እንደ እጅ ብሩሽ አትፈግፍጉበት። እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ትንሽ አቆዩት፤ ሥራውን እሱ ይሠራል።

የእጅ ብሩሹን እንደ እስክሪብቶ በጣታችሁ ጫፍ ያዙት። በጡጫ ሲያዝ መጫን ይመጣል። ፀጉሩን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ አጋድላችሁ፣ በአጭር በአጭሩ አንቀሳቅሱት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከመኝታ በፊት ይሁን። ሳሙናው ፍሎራይድ ይኑረው፤ ከጨረሳችሁ በኋላ አረፋውን ትፉ እንጂ በውሃ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ጥርስ ላይ ይቆይ።

ብሩሹን በሦስት ወይም በአራት ወር ቀይሩት። ፀጉሩ ወደ ጎን ከተንጨባረረ ቀኑን አትጠብቁ። በአንድ ወር ውስጥ ከተንጨባረረ ግን አዲስ መግዛቱ ብቻ አይበቃም፤ እጃችሁ በጣም እየተጫነ ነው።