ላስቲኩ ሳይቀደድ ሻንጣ እንዳትገዙ

ሰላም ወገን እንዴት ናችሁ። ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ግን ሰሞኑን ሻንጣ የምትገዙ ካላችሁ ታግሳችሁ አንብቡት። የኔን 13,500 ብር ውሃ በልቶታል፣ የናንተ እንኳን ይትረፍ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከኛ ሰፈር መርካቶ ወርዶ ሻንጣ መግዛት ማለት የታክሲ ሰልፍ፣ መገናኛ ላይ መቀየር፣ ከዛ ደግሞ ያንን የሚያህል ነገር ይዞ ሚኒባስ ውስጥ መግባት ነው፣ ረዳቱም የሁለት ሰው ሂሳብ ካልከፈላችሁ ይላል፣ ስለዚህ እዚሁ ሰፈር "በመርካቶ ዋጋ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ኮንቴነር ሱቅ ሳይ ደስ ነው ያለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለችው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለሆነ እማዬ ልታርሳት ቪዛ አገኘች፣ እልል ተባለ፣ ትኬት ተቆረጠ። ትኬቱ ላይ የሚጫን 2 ሻንጣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በእጅ የሚያዝ ደግሞ አንድ 7 ኪሎ ይላል። ሱቁ ውስጥ የሚሸጠው ልጅ ጋር ያለው ሻንጣ ባለ 3 ፍሬ ነው፣ ትልቅ መካከለኛና ትንሽ፣ በቃ ለእማዬ ጉዞ ታዝዞ የተሰራ ነው የመሰለኝ።

ልጁ አፉ ማር ነው። ለማሳያ ያቆመውን ትልቁን ሻንጣ መሬት ላይ አጋደመና ወጥቶ ዘለለበት፣ አንዴ እንዳይመስላችሁ ሶስት አራቴ። ሻንጣው ጎድጎድ ይልና ተመልሶ ቀጥ ይላል። "ኦርጅናል ፖሊካርቦኔት ነው የኔ እህት፣ ሲኖትራክ ቢወጣበት አይሰበርም" አለኝ። እማዬንም "ማዘር እስኪ ይውጡበት" አላት፣ እሷ ደግሞ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት፣ ሳቅን። እየሳቅኩ ነው እንግዲህ የተበላሁት።

በቴሌብር ከፈልኩ። የመጣው ስም የሱቁ ሳይሆን የግለሰብ ነው፣ "የወንድሜ ነው ችግር የለም" አለኝ፣ እሺ። ደረሰኝ ስለው ማሽኑ ተበላሽቷል፣ እሺ። ከዛ የዘለለበትን ሻንጣ ላነሳ ስል "እንዴ እሱማ የማሳያ ነው፣ ሰው ሁሉ የነካካው፣ ላንቺ አዲሱን ነው የምሰጥሽ" ብሎ ከጀርባ በላስቲክ ጥቅልል ያለ አወጣልኝ። እንዳከበረኝ ነው የቆጠርኩት። "ላስቲኩን ደግሞ እንዳትቀጂው፣ ማዘር እስኪበሩ ይቆይ፣ አለበለዚያ ይጫጫራል" ብሎ ምክርም ጨመረልኝ። እኔም እንዳለኝ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀልኩት፣ 19 ቀን ማንም ሳይነካው ተቀመጠ።

ተንኮሉ ገባችሁ አይደል? የዘለለበት ሻንጣ የምር ደህና ሻንጣ ነው። የሸጠልኝ ሌላ ነው። ቀለሙ አንድ፣ መስመሩ አንድ፣ ማርኩ አንድ፣ ዕቃው ግን ሌላ።

በረራው ሁለት ቀን ሲቀረው ላስቲኩን ቀደድነው። መጀመሪያ የፕላስቲክ ሽታው ቤቱን ሞላው። ወንድሜ ጎኑን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ነጭ መስመር ጥሎ ቀረ፣ እሱ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሰርቶ ስለሚያውቅ ወዲያው ነው "ይሄ ኤቢኤስ ነው፣ እሱም ስስ" ያለው። እኔም የዛን ቀን ነው የገባኝ፣ ደረቅ ሻንጣዎች ባብዛኛው ከሶስት ዓይነት ፕላስቲክ ነው የሚሰሩት፣ ፖሊካርቦኔት፣ ፖሊፕሮፒሊንና ኤቢኤስ። ፖሊካርቦኔት ሲመታ ይጎብጥና ይመለሳል። ኤቢኤስ ረከስ ያለና ግትር ነው፣ ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ ነጭ ይሆናል፣ ሲብስበት ይሰነጠቃል፣ በተለይ ማዕዘኑ ላይ። ኤቢኤስ ሁሉ ቆሻሻ ነው እያልኩ አይደለም፣ ወፈር ያለ ከሆነና በራሱ ዋጋ ከተሸጠ ሀዋሳ ደርሶ ለመመለስ ምን ይላል፣ ግን በፖሊካርቦኔት ስም በፖሊካርቦኔት ዋጋ ሲሸጥ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሚዛኑስ? ወረቀቱ ላይ "3 ኪሎ ብቻ" ይል ነበር። ታች ያለው ወፍጮ ቤት ወስደን ጋሼን ለምነን ባዶውን ሚዛን ላይ አወጣነው፣ ትልቁ 5 ኪሎ ከ300፣ መካከለኛው 4 ኪሎ ከ200። ከ46ቱ ኪሎ 9 ኪሎ ተኩሉን ሻንጣዎቹ ራሳቸው በሉት ማለት ነው፣ እማዬ እኮ ለአጥሚት እህል ግማሽ ኪሎ ስትጨምር ስትቀንስ ነው ያደረችው። ጋሼም በርበሬ ሊያስፈጭ ለመጣ ሰው ሁሉ "ይሄን ባዶ ሻንጣ ነው የምንመዝነው" እያሉ አሳቁብን።

የትልቁን ልክ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በሜትሯ ለካችልን፣ ከነጎማው 78 በ53 በ32፣ ሲደመር 163 ሴንቲ ሜትር። ብዙ አየር መንገዶች ለሚጫን ሻንጣ የሚፈቅዱት የሶስቱ ድምር 158 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጎማና እጀታው ተቆጥሮ። እና ሱቅ ላይ "28 ኢንች ነው" ሲሏችሁ አትርኩ፣ ብዙ ጊዜ አካሉን ብቻ ለክተው ነው። ዙሪያውን ያለውን ማስፊያ ዚፕ ከከፈታችሁትማ ድምሩ ሌላ ጭማሪ አለው። በኛ በኩል ቦሌ ላይ ማንም በሜትር አልለካውም፣ እድል ነው።

ለምን አልመለስሽውም ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ሄጃለሁ! ልጁ ሻንጣውን እንኳን ሳያይ "ላስቲኩ ተቀዷል እኮ፣ ደግሞ 19 ቀን ሆኖታል" አለኝ። ቀኑን ቆጥሮታል! እኔ ያልቆጠርኩትን እሱ ቆጥሮታል። ቤት ገብቼ ሳጣራ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ብሎ ሻጩን መጠየቅ ይችላል ይላል። እና "እስኪበሩ ላስቲኩ ይቆይ" ያለኝ ለጭረቱ አስቦልኝ ነው ብላችሁ ነው? መንገደኛ ሻንጣ ቀደም ብሎ ገዝቶ መጨረሻ ላይ እንደሚከፍተው ያውቃላ። ደረሰኝ ደግሞ የለኝም፣ ወረዳ ብሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው፣ የቴሌብሩ መልእክት ላይ ያለው ስም ከሱቁ ጋር አይገናኝም። በመጨረሻ "4,000 ጨምሪና ሌላ ልስጥሽ" አለኝ። በላስቲክ የተጠቀለለ ሌላ!!

ጊዜ ስለሌለን በዛው ሸከፍን። አሜሪካ የምትልኩ እዚህ ጋር አንድ ነገር እወቁ፣ በርበሬ ሽሮ በሶ የመሳሰለውን ዱቄት በእጅ ሻንጣ እናደርጋለን ብላችሁ አታስቡ፣ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ በእጅ የሚያዝ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፣ ሊያስጥሏችሁም ይችላሉ፣ ስለዚህ የሚጫነው ውስጥ ነው መግባት ያለበት። ፓወር ባንክ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ በእጅ ብቻ። ቋንጣ አታስቡት፣ ስጋ አያስገቡም። የሚገባውንም ምግብ ቢሆን ፎርሙ ላይ ወይም ሲጠይቋችሁ አለኝ ማለት ግዴታ ነው፣ ለእማዬ ይሄንን በእንግሊዝኛ በወረቀት ጽፈንላታል።

እና የእማዬ ዱቄት ሁሉ በዛ ስስ ሻንጣ ውስጥ ገባ። ቤታችን 4ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት ምናምን የለም። ወንድሜ ትልቁን ይዞ ሲወርድ 2ኛ ፎቅ ላይ የሚጎተተው እጀታ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ሻንጣው ደረጃውን ብቻውን ወረደ፣ አንዷ ጎማ አብራ ሄደች፣ እስካሁን አላገኘናትም። ገበሩን ከፍተን ስናየው ያ ሁሉ ክብደት የተንጠለጠለው በሁለት ቀጫጭን ሪቬት (እንደ ብሎን የማይፈታ ማያያዣ) ነው፣ ከስሩ ምንም መደገፊያ ብረት የለውም። በሲባጎ ጠፍረን፣ ቦሌ ደግሞ በፕላስቲክ አስጠቅልለን ላክነው። እማዬ "አይዟችሁ ይደርሳል" እያለች እኛን ታጽናናለች።

መድረሱንስ ደረሰ። አውሮፕላን ቀይራ ስትደርስ አንዱ ማዕዘን ተፈርክሷል፣ አንዱ የበርበሬ ላስቲክ ፈንድቶ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ለህጻኑ የተገዛው ነጭ ልብስ ሁሉ ቀይ። እህቴ በቪዲዮ ስታሳየኝ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ፣ እሷ ደግሞ እርጉዝ ሆና በርበሬውን እያራገፈች ታስነጥሳለች።

ለአየር መንገዱ ጻፍን። የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል የዓለም አቀፍ በረራ ሕግ አለ፣ ሻንጣ ተጎድቶ ከደረሰ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ በጽሁፍ ማመልከት አለባችሁ፣ የሚሻለው ግን እዛው ሻንጣ መረከቢያው ጋር ሳትወጡ ማስመዝገብ ነው። እኛ በአራተኛው ቀን ጻፍን። መልሱ ምን መሰላችሁ፣ ጉዳቱ የመጣው ከሻንጣው ከራሱ ጉድለት ስለሆነ አንጠየቅም። ስምምነቱ ላይም ይሄ ነገር አለ፣ እና እውነት ለመናገር በነሱ አልፈርድም፣ ከቤቱ በሲባጎ ታስሮ የወጣ ሻንጣ ነው እኮ።

እንግዲህ አሁን ብገዛ ምን አደርጋለሁ? ላስቲኩን እዛው ሱቁ ውስጥ አስቀድዳለሁ፣ ብሩ ከኪሴ ሳይወጣ። "ይጫጫራል" ካለኝ ይጫጫር፣ ሻንጣ አይደል እንዴ። የምወስደው የዘለለበትን ራሱን ነው፣ የሰው እጅ ነካው አልነካው ምኔ ነው። ጎኑን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ፣ የገበሩን ዚፕ ከፍቼ ጎማውና እጀታው በምን እንደተያዘ አያለሁ፣ በብሎን ከሆነ ሲሰበር ይቀየራል፣ በሪቬት ከሆነ ጣጣ ነው። እጀታውን እስከመጨረሻው አውጥቼ ግራ ቀኝ አንቀጠቅጠዋለሁ። እስክሪብቶም እይዛለሁ፣ ብዙዎቹ ዚፖች ጥርሱ መሀል በእስክሪብቶ ጫፍ ሲወጉ ይከፈታሉ፣ ከዛ መጎተቻውን ወዲህ ወዲያ ሲያደርጉት ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ይዘጋል፣ ከሻንጣ ውስጥ ዕቃ የሚጠፋው አንዱ በዚህ ነው፣ ሁለት ረድፍ ጥርስ ያለው ይሻላል። ቁልፉንም እዩ፣ የኛው ላይ ቲኤስኤ (የአሜሪካ ኤርፖርት ፈታሾች መስሪያ ቤት) የሚል ነበረው፣ በጥፍሬ ስፍቀው ተላጠ፣ ስቲከር ነው! እውነተኛው የአሜሪካ ፈታሾች በራሳቸው ቁልፍ የሚከፍቱበት ቀዳዳ አለው። ሜትርና የእጅ ሚዛን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ ቢስቅባችሁ ይሳቅ። ደረሰኝ ካልሰጠ ደግሞ ውጡ።

ትንሿ ሻንጣ እማዬ ጋር ናት፣ እሷ እንኳን ደህና ነች። መካከለኛው ተሰንጥቋል ግን ይዘጋል። ትልቁን እህቴ ጥላዋለች። ልጁ አሁንም እዛው ነው ያለው፣ ትናንት ከስራ ስመለስ ያንኑ የማሳያ ሻንጣ አጋድሞ እየዘለለበት ነበር፣ ሁለት ሴቶች ቆመው ያያሉ፣ ከታክሲ ወርጄ ላስቲኩን አስቀድዱት አልኳቸውና ሄድኩ። ስሙን እዚህ መጻፍ አልፈልግም፣ በኛ አካባቢ ሻንጣ የምትፈልጉ ቦታውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።