ሬዲዮ ወይስ ዓይን? ማማ በሌለበት አየር ማረፊያ

መቆጣጠሪያ ማማ በሌላቸው አነስተኛ አየር ማረፊያዎች ቀላል አውሮፕላኖች መሬት ላይ እንዳይጋጩ የሚጠብቃቸው የአብራሪዎቹ ጥንቃቄ ነው። መንገዱም ሁለት ነው፤ ያሉበትንና ሊያደርጉ ያሰቡትን በጋራ የሬዲዮ ሞገድ መናገር፣ አለዚያም በዓይን ማየት።

የሬዲዮ ትልቁ ጥቅም ዓይን የማይደርስበትን መንገሩ ነው፤ ከሃንጋር (ከአውሮፕላን ማቆያ መጋዘን) ጀርባ የሚመጣውን፣ ለማረፍ ገና የዞረውን። ነገር ግን የሚሠራው ሁሉም ሲናገርና ሲያዳምጥ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተናገሩ የሚሰማው ጩኸት ነው። አንዱ የተሳሳተ ሞገድ ላይ ከሆነ ደግሞ ዝምታው «ማንም የለም» የሚል ይመስላል፤ እጅግ አደገኛው ይህ ነው። እንደ ፓይፐር ጄ-3 ከብ ካሉት አሮጌ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ስለሌላቸው ሬዲዮም ላይኖራቸው ይችላል።

ዓይንም ጉድለት አለው። ከብ መሬት ላይ ሲሆን አፍንጫው ሽቅብ ያያል፤ ብቻውን የሚበር ሰው ደግሞ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ስለሆነ ፊት ለፊቱ ይጋረድበታል። ስለዚህ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ፣ በጎን መስኮት እያየ ይሄዳል። ይህን ከዘነጋ ፕሮፔለሩ ከፊቱ የቆመውን አውሮፕላን ጭራ ይከታትፈዋል።

ምረጥ ብባል ዓይንን አስቀድማለሁ። ወደ መንደርደሪያው ከመግባት በፊት አውሮፕላኑን ለማረፍ ወደሚመጡት አቅጣጫ መለስ አድርጎ ሰማዩን መቃኘት ጥቂት ሴኮንድ ቢወስድ ነው፤ ሬዲዮ የሌለውንም፣ የተበላሸበትንም ያሳያል። ሆኖም ሬዲዮው ዓይን የት መመልከት እንዳለበት ስለሚጠቁም አጥፍቶ መሄድን ፈጽሞ አልደግፍም።