ሳይመዝኑ ለማይመክሩት አሰልጣኛችን ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው የረጅም ርቀት ሯጮች፣ ብስክሌተኞችና ብረት የምናነሳ ሰዎች ተመካክረን ነው። አሰልጣኛችንን በአደባባይ ማመስገን እንፈልጋለን። የአካል ብቃቱንም የምግቡንም ምክር የሚሰጡን እሳቸው ናቸው። «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፉ ለማንም ስለማይጠቅም፣ እንዴት እንደሚሠሩ ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ የለውም፣ ጥያቄ ብቻ ነው። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ቆየ ጉዳት፣ ስለሚወሰድ መድኃኒት፣ ሴቶችን ደግሞ ስለ ወር አበባ ይጠይቃሉ። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረባትን ሯጭ ፕሮግራም ከማውጣታቸው በፊት ወደ ሐኪም ይልኳታል። ብዙ ቦታ «ጠንክራ ስለሠራች ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ይህ ከባድ ስህተት ነው። እርግዝና ወይም ሌላ ሕመም ካልሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት ጋር አልተመጣጠነም ማለት ነው። ሰውነት ሲጎድልበት አጥንት መገንባቱንም ይቀንሳል፤ ልምምዱ ሲደጋገም ደግሞ አጥንቱ ይሰነጠቃል። ወንዶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም።

ከሁሉም በላይ የምናደንቅላቸው የላብ ልኬታቸውን ነው። ሯጩ ሽንቱን ሸንቶ በጣም ቀላል ልብስ ለብሶ ይመዘናል፤ የያዘው ውኃ ይለካል። ልክ በውድድሩ ፍጥነትና በተመሳሳይ አየር ለ60 ደቂቃ ይሮጣል። ሲጨርስ ላቡን በፎጣ አድርቆ፣ የራሰውን ልብስ አውልቆ እንደገና ይመዘናል። የራሰ ልብስ እንደለበሱ መመዘን ላቡን አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም። ከ68.0 ኪሎ ወደ 67.1 የወረደ፣ በመሐሉም 0.4 ሊትር የጠጣ ሰው በሰዓት ወደ 1.3 ሊትር አልቦታል ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ቢሮጥ 2.6 ሊትር ይወጣዋል። ሁሉንም መተካት አይጠበቅበትም፤ ጉድለቱ ከሰውነት ክብደቱ 2 በመቶ እንዳያልፍ ነው የሚፈለገው። ለዚህ ሰው ያ ወደ 1.3 ኪሎ ስለሆነ የቀረውን 1.3 ሊትር በሁለት ሰዓት ይጠጣል፤ በየ15 ደቂቃው 160 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ሮጦ ሲመለስ ክብደት የጨመረ ካለ ደግሞ ወዲያው ያስቆሙታል። ከመጠን በላይ ጠጥቷል፤ በደሙ ያለው ሶዲየም (በጨው ውስጥ ያለው ማዕድን) ሊቀጥን ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ከታየበት ሐኪም ቤት እንጂ ተጨማሪ ውኃ አይሰጠውም። «ብዙ ጠጡ» የሚለው ጥቅል ምክር ሰው ሊገድል እንደሚችል እንዲህ በግልጽ የሚናገር አሰልጣኝ ብዙ አይገኝም።

በሩጫ መሐል የሚወሰደውን ካርቦሃይድሬትም ደረጃ በደረጃ ነው የሚያስለምዱት። በሰዓት ከ30 ግራም ይጀምራሉ፣ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ 60 ያደርሱታል። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ለሚፈጅ ውድድር እስከ 90 ይሄዳሉ፤ ያኔ ግን ግሉኮስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ብቻውን አይበቃም። አንጀት ግሉኮስን የሚያስገባበት መንገድ በሰዓት 60 ግራም አካባቢ ሲደርስ ይሞላል፤ ፍሩክቶስ የሚባለው ሌላው ስኳር በሌላ መንገድ ስለሚገባ ሁለቱ ተደባልቀው ይሰጣሉ። ጄልን (በሩጫ መሐል የሚወሰደውን ዝልግልግ የካርቦሃይድሬት ምግብ) ከጣፋጭ የስፖርት መጠጥ ጋር መውሰድ ይከለክላሉ፤ የተከማቸው ስኳር ውኃ ወደ አንጀት ስቦ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ጄል ከንጹሕ ውኃ ጋር ብቻ። በልምምድ ያልተሞከረ ነገር በውድድር ቀን አፍ ውስጥ አይገባም።

ስለ ፕሮቲን ብዙ አያወሩም። በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን 112 ግራም፣ በአራት ምግብ ሲከፈል 28። ከምግብ ከተገኘ የፕሮቲን ዱቄት አያስፈልግም ይላሉ፤ የሚሸጡት ነገርም የላቸውም። ክሬቲን (ለጡንቻ ጉልበት የሚወሰድ ማሟያ) የሚፈልግን በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም በቂ መሆኑን፣ መጀመሪያ ላይ የሚጨምረው ክብደትም ጡንቻ ውስጥ የሚገባ ውኃ እንጂ ስብ አለመሆኑን ቀድመው ያስረዳሉ። የኩላሊት ችግር ያለበትን ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያስጀምሩም። ብረት የሚባለውን ማዕድን ያለ ደም ምርመራ ለማንም አያዝዙም።

ጂም ውስጥ ዓይናቸው እግር ላይ ነው። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ሲሠራ ተረከዙ የሚነሳበትን ሰው «ወደ ታች ውረድ» ብለው አይጮሁበትም። በባዶ እግሩ ግድግዳ ፊት ያቆሙታል፤ ተረከዙን ሳያነሳ ጉልበቱ ግድግዳውን እንዲነካ ያደርጉና አውራ ጣቱ ከግድግዳው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደራቀ ይለካሉ። ርቀቱ ከ10 በጣም ካነሰ፣ ወይም ቀኝና ግራ ከተለያየ፣ ችግሩ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሊሆን ስለሚችል እሱን ያሠሩታል፤ እስኪላላ ድረስም ከተረከዙ ሥር ቀጭን ጣውላ ያደርጉለታል።

የተረከዝ ጅማት ሕመም ላይ ያላቸው ትዕግሥት ደግሞ ለብቻው ይመሰገናል። ሙሉ በሙሉ ማረፍም በኃይል መሳብም አያዝዙም። ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማውረድ፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ 3 ዙር፣ ጉልበት ታጥፎም እንዲሁ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ12 ሳምንት። ሕመሙ ከ10 ነጥብ ሲመዘን ከ5 ካላለፈና በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ ይቀጥላል፤ ከባሰ ጫናው ይቀነሳል። ብዙ ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተሻለኝ ብሎ ያቋርጣል፤ እሳቸው ግን ደውለው ይጠይቃሉ።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። በወር 10 ኪሎ መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከእሳቸው ጋር አይስማማም። በሳምንት ከሰውነት ክብደት ከግማሽ እስከ 1 በመቶ በላይ አይፈቅዱም፤ ከዚያ ሲፈጥን ጡንቻውም አብሮ ስለሚሄድ። መዝገብ የማይጽፍን ሰውም ሁለቴ መክረው ያሰናብታሉ። ለእኛ ይህ ጥንካሬያቸው ነው።

አሰልጣኛችን፣ ላልተሰላቹበት ጥያቄያችንና ላልሸጡልን ዱቄት ሁሉ ከልብ እናመሰግንዎታለን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስትሄዱ የሦስት ቀን የምግብ መዝገብ (አንዱ የዕረፍት ቀን ይሁን)፣ የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ ካላችሁ ውጤቱን፣ እንዲሁም አዲሱን ሳይሆን የምትሮጡበትን ያለቀውን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሶሉን ገልብጠው የሚያዩት እሱን ነው።