ድራይ፣ ሚዲየም ስዊት ወይስ ጠጅ? በየተራ ለሚቀርብ የአበሻ እራት መጠጥ አመራረጥ

እንግዳ ጠርቶ አራት አምስት ዙር እራት ሊያቀርብ ያሰበ ሰው ወይን ጠጅ ሊገዛ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀይ ይሻላል ነጭ?» ብሎ ነው። ለአበሻ ምግብ ግን ከቀለሙ በፊት መታየት ያለበት ጣፋጭነቱ ነው። የበርበሬና የሚጥሚጣ ማቃጠል በአልኮል ይባባሳል። ታኒን የሚባለው፣ ድድና ምላስ የሚያደርቀው የቀይ ወይን ጠባይ ሲታከልበት ደግሞ ወይኑ ራሱ መራራ ሆኖ ይቀራል። ስኳር በአንጻሩ ቃጠሎውን ያበርዳል። ስለዚህ ከመደርደሪያው ላይ ውዱን ድራይ (ጣፋጭነት የሌለውን) አንስቶ ለዶሮ ወጥ ማቅረብ ወጡንም ወይኑንም ይጎዳል።

ንጽጽሩን የምናደርገው አገር ውስጥ በሚገኙት ላይ ነው። የወይን ጠጅ ፋብሪካው ካስትል ባቱ (ዝዋይ) ላይ ከሚያለማው ወይን የሚጠምቀው ሪፍት ቫሊ በየወይኑ ዘር ተለይቶ ይሸጣል፤ ነጩ ሻርዶኔ፣ ቀዮቹ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን። የዚያው ፋብሪካ አካሺያ በሚዲየም ስዊት (መጠነኛ ጣፋጭ) ቀይና ነጭ ይታወቃል። ከአዋሽ ወይን ጠጅ በኩል ድራይ ቀዩ ጉደርና ጣፋጩ አክሱሚት አሉ። ጠጅም ከነዚህ ጎን መቆም ይገባዋል፤ በዚህ ማዕድ ላይ ከሁሉም የሚበልጥበት ቦታ አለውና።

መክፈቻው አዚፋ ከሆነ ሰናፍጩ ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ሎሚውም ወይኑን ውሃ ውሃ ያሰኘዋል። ሎሚውን ከወትሮው በግማሽ ቀንሱት። ቃሪያ ካልገባበት ቀዝቃዛ ሻርዶኔ ይበቃዋል፤ ቃሪያ ከገባበት ነጩ አካሺያ ይሻል ነበር፤ ግን ጣፋጭ ቀድሞ ከተጠጣ የሚቀጥሉትን ድራዮች ስለሚያበላሽ ቃሪያውን መተው ይመረጣል። ቀጥሎ ለሚመጣው የተጠበሰ ቆሮሶ ግን ምርጫው አያከራክርም፦ ሻርዶኔ ነው። ዘይቱን ያጥባል፣ ዓሣውንም አይሸፍነውም። አዋዜው ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቅረብ።

ክትፎ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀዝቃዛ ነጭ በመቅዳት ነው። ንጥር ቅቤ ቀዝቃዛ ነገር ሲጠጡበት ላንቃ ላይ ይረጋል። አንድ ጉርሻ ጎርሰው ከፍሪጅ የወጣ ነጭ ቢጠጡበት፣ ምላስዎ ላይ ሻማ የፈሰሰ ያህል ይሰማዎታል፤ የኮረሪማው ሽታም ከቅቤው ጋር ታሽጎ ይቀራል። እዚህ ላይ ድራይ ቀይ ያስፈልጋል። ታኒኑ ከሥጋው ጋር ሲገናኝ ይለሰልሳል። ከሜርሎና ከካበርኔ ቢያማርጡን ሜርሎን እንመርጣለን፤ ለስለስ ስለሚል ሚጥሚጣ ቢበዛበትም አይኮሳተርም። ካበርኔ የሚያምረው ሚጥሚጣው ከክትፎው ጋር ሳይለወስ በጎን ሲቀርብ ነው። ጉደርም በዚሁ ረድፍ ይቆማል፤ እንግዳው ብዙ ከሆነና ወጪ መቀነስ ከተፈለገ ለክትፎ አያሳፍርም። አይብና ጎመኑ እንዳይቀር፤ በየጉርሻው መሃል አፍ ያሳርፋል።

ዶሮ ወጥ ከባዱ ዙር ነው። ለረጅም ሰዓት የተቁላላው ሽንኩርት ጣፋጭነት አለ፣ በርበሬው አለ፣ ቅቤው አለ። ሲራ በራሱ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ስለሚል አብሮ የሚሄድ ይመስላል፤ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ግን የሚሰማው ቃጠሎ ብቻ ነው። ቀዩ ሚዲየም ስዊት አካሺያ ጥቂት ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ በጣፋጭነቱ ሽንኩርቱን ይመስላል፣ ቃጠሎውንም ይይዛል። ጥሩ ጠጅ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል፦ ማሩ በርበሬውን ያበርዳል፣ የጌሾው ምሬት ቅቤውን ይጠርጋል። የጠጅ ችግሩ እንደ ጠርሙስ ወይን ጥንካሬው ተጽፎ አለመገኘቱና ከቤት ቤት መለያየቱ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ይቅመሱት፤ ኮምጠጥ ካለ ወይም ጌሾው ጉሮሮ ላይ ከቀረ ይተዉት። ብርሌውን ከሲሶው በላይ አይሙሉ። አልኮል ለማይጠጣና መኪና ለሚነዳ እንግዳ ያልፈላ ብርዝ ይቅረብ፤ ከዶሮ ወጥ ጋር ከለስላሳ መጠጥ ይልቅ የሚስማማው እሱ ነው።

ለመዝጊያው ፍራፍሬ ከሆነ አክሱሚት። መጠጡ ከምግቡ የበለጠ ካልጣፈጠ ስለሚጎመዝዝ፣ ክሬም የበዛበት ኬክ ይቅር። ከድራይ ወደ ጣፋጭ የሚሄደውን ይህን ቅደም ተከተልም አያዛቡ፤ አካሺያ ቀድሞ ከተጠጣ በኋላ ሜርሎው ኮምጣጤ ይመስላል።

መጠኑን በተመለከተ፣ አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። በየዙሩ ለአንድ ሰው 90 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ ጠርሙሱ ለ8 ሰው ይደርሳል። ከላይ ላለው እራት፣ ለዶሮ ወጡ ጠጅ ከተመረጠ፣ ለ8 ሰው 2 ሻርዶኔ፣ 1 ሜርሎና 1 አክሱሚት ይበቃል። ነጩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ፣ ቀዩ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ይቀዳ። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» የሚባለው ለአዳማና ለድሬዳዋ ሙቀት አይሠራም፤ ቀዩን ከመቅዳት በፊት 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት። ሱቅ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ አይግዙ። የተረፈውን ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ቢያስገቡት ሦስት ቀን ያህል ይቆያል።

ቤት ከማዘጋጀት ይልቅ ሬስቶራንት መሄድ ከተመረጠ፣ ከየምግቡ ጋር የተመረጠ ወይን በብርጭቆ ከማዘዝና አንድ ጠርሙስ ከማዘዝ የቱ ያዋጣል? በአንድ ብርጭቆ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚቀዳ ይጠይቁ። 75 ከሆነ አምስት ብርጭቆ 375 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለሁለት ሰው በትክክል አንድ ጠርሙስ። የሁለታችሁ ሂሳብ ከሁለት ጠርሙስ ዋጋ ካለፈ (ማለትም ለዚያው መጠን ከእጥፍ በላይ ከተከፈለ)ና ወይኖቹ ሁሉ ድራይ ከሆኑ ጠርሙስ ይዘዙ። አንዱ ዙር በርበሬ ያለበት ሆኖ ለእሱ የተለየ ጣፋጭ ከመረጡለት ግን በብርጭቆው ይሂዱ፤ አንድ ጠርሙስ ክትፎንም ዶሮ ወጥንም እኩል አይሸከምምና።

ቡና የሚፈላ ከሆነ ቆሎውም እጣኑም የመጨረሻው ብርጭቆ ከተነሳ በኋላ ይምጣ። እጣን በተጫጫሰበት ክፍል ሻርዶኔም ጉደርም አንድ ዓይነት ነው የሚሸተው።