የአያቶች ምጣድ ወይስ የኤሌክትሪክ ምጣድ?

የሁለቱም መጋገሪያ ሸክላ ነው፤ ሁለቱም በጎመን ዘር ይሟሻሉ። የሚለያዩት በሙቀታቸው አመጣጥ ነው።

አያቶቻችን በጉልቻ ላይ ሲጋግሩ እሳቱን የሚያስተካክሉት በእጃቸው ነበር። ጭራሮው ወደ አንድ ጎን ካደላ እንጀራው በዚያ በኩል ያርራል፣ በሌላው ሊጥ ሊጥ ይላል። ስለዚህ በየመሃሉ ማገዶውን ወደ ዳር ይገፋሉ፣ ምጣዱን ያስሳሉ፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞሩ ያሰፋሉ፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎ ይከድናሉ። ይህ ትልቅ ሙያ ነው። ጭሱ ግን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ያንን ድካም ባህል ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

በኤሌክትሪኩ ሽቦው ከሸክላው ስር ዙሪያውን ስለተዘረጋ ሙቀቱ በእኩል ይዳረሳል። ሆኖም ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል ቀጭን ገመድና ተራ ማከፋፈያ ይቀልጣሉ፤ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል። በደንብ ሳይግል ሊጥ ከፈሰሰበት እንጀራው ይጣበቃል፣ ዓይኑም ይደፈናል።

ለዘወትር ጋገራ ኤሌክትሪኩ ይሻላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን የአያትን ምጣድ አትጣሉ። አብሲት በቅጡ ያልተጣለበትን ሊጥ አንዳቸውም አያድኑትም።