ሰርክስ ኤንጂ (SearXNG) ለሠራችሁልን፣ እጃችሁ ይባረክ

ይህ ምስጋና ሰርክስ ኤንጂ የተባለውን የፍለጋ ሶፍትዌር በነጻ ለሚጽፉትና በራሳቸው ሰርቨር (በኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር) ከፍተው ለማንም ለሚያካፍሉት በጎ ፈቃደኞች ነው። እግዜር ይስጥልን! የምትፈልጉትን ነገር ሌላ ሰው እንዳይመዘግብባችሁ የምትሹ ሁሉ ዛሬውኑ ሞክሩት።

በሌሎች የፍለጋ አገልግሎቶች ያለው ያስመርራል። ስለ ኩላሊት ጠጠር አንዴ የጠየቀ ሰው የመድኃኒት ማስታወቂያ ሲከተለው ይከርማል። «መረጃችሁን አንይዝም» ብለው የሚምሉም አሉ፤ ኮዳቸው ዝግ ስለሆነ ግን መሐላቸውን የሚያጣራ የለም። ውጤቱ ሲጎድልም ለምን እንደጎደለ ትንፍሽ አይሉም።

ሰርክስ ኤንጂ ጥያቄያችሁን ተቀብሎ ለጉግል፣ ለብሬቭ፣ ለዳክዳክጎና ለመሳሰሉት የፍለጋ ሞተሮች በሰርቨሩ አይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት መለያ ቁጥሩ) ይልካል። የእናንተ አድራሻና ኩኪ (ድረ ገጽ በብራውዘራችሁ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ) አብሮ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከነባሩ ሰርክስ ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ነባሩ በ2023 ሲቆም እነዚህ ሰዎች ሥራውን ቀጥለውበታል። ፈቃዱ ኤጂፒኤል 3 (AGPL) የተባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ በመሆኑ፣ ኮዱን ቀይሮ ለሕዝብ አገልግሎት ያዋለ ሰው የቀየረውን ለተጠቃሚዎቹ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚመሰገኑት ግን ለአንዲት ትንሽ ሣጥን ነው። ከውጤቱ ጋር መልስ ያልሰጡት ሞተሮች በየስማቸው ይዘረዘራሉ፣ ምክንያቱም አጠገባቸው ይጻፋል፦ አንዱ ካፕቻ (ሰው መሆንን የሚያጣራ ፈተና)፣ አንዱ ጊዜው አለቀ፣ ሌላው ጥያቄ በዛ። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ብርቅ ነው! ካፕቻ ካያችሁ ያ ሞተር ሰርቨሩን ሮቦት ነው ብሎ ዘግቶታል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ አይፒ ሲጠይቅ የሚመጣ ነገር ነው። ገጹን ደጋግሞ ማደስ ዋጋ የለውም፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ሞተሩን ለጊዜው አግዶታልና። ወደ ሌላ ሰርቨር ሄዳችሁ ፈልጉ።

ሰርቨሮቹን ሰርክስ ዶት ስፔስ (searx.space) ላይ ታገኛላችሁ። ስትመርጡ ኤችቲኤምኤል (HTML) የሚለውን ዓምድ እዩ። «ቪ» (V) ካለ ኮዱ እንዳለ ነው፤ «ሲ ጄኤስ» (Cjs) ካለ ጃቫስክሪፕቱ፣ ማለትም በብራውዘራችሁ ውስጥ የሚሠራው ኮድ፣ ተነካክቷልና እለፉት። የቲኤልኤስ (የግንኙነቱ ምስጠራ) ደረጃው ኤ ፕላስ (A+) ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ምርጫዎች ውስጥ ግቡና የምስል ፕሮክሲውን (ፎቶዎቹን በሰርቨሩ በኩል የሚያመጣውን) አብሩ፣ አለዚያ ትንንሾቹን ፎቶዎች ብራውዘራችሁ ከየድረ ገጹ በቀጥታ ይጎትታል፣ አድራሻችሁም ይታያል። የመላኪያውን ዘዴ ፖስት (POST) አድርጉት፤ የጠየቃችሁት በአድራሻ መስመሩና በብራውዘሩ ታሪክ ላይ አይቀርም። ምርጫዎቹ የሚቀመጡት በኩኪ ስለሆነ፣ ኩኪ ስታጠፉ እንዳይጠፉ ኩኪ በሚለው ክፍል ያለውን ሊንክ ገልብጣችሁ ያዙ።

ለአማርኛ ደግሞ፦ የእንግሊዝኛውን ኮለን፣ ኤ እና ኤም አያይዛችሁ ጻፉ፤ ክፍተት፤ ቃለ አጋኖና ደብሊው ፒ፤ ክፍተት፤ ከዚያ ላሊበላ (:am !wp ላሊበላ)። የአማርኛውን ዊኪፒዲያ ብቻ ይፈልግላችኋል።

አንድ ነገር ሳይደበቅ ይነገር፤ የሰርቨሩ ባለቤት ከፈለገ ጥያቄያችሁን ማየት ይችላል። የማታምኑት ከሆነ የራሳችሁን በዶከር (ሶፍትዌርን ኮንቴይነር በሚባል ጥቅል ውስጥ በሚያስኬድ መሣሪያ) አቁሙ። በኮንቴይነሩ ውስጥ ፖርቱ (የመገናኛ በር ቁጥሩ) 8080 ነው። የምስጢር ቁልፉን ሳትቀይሩ አትነሡ፤ በነባሪው ቁልፍ አይሠራም። ለሞተሮቹ የሚሰጠው የመጠበቂያ ጊዜ በነባሪ 3 ሴኮንድ ነው። መስመራችሁ ቀርፋፋ ከሆነ ወደ 6 ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ ሞተሮቹ ሁሉ ጊዜው አለቀ ይላሉ። ቤት ውስጥ ለብቻ ማቆም ግን የቤታችሁን አይፒ ለሞተሮቹ ያሳያል። በኪራይ ሰርቨር ላይ ከወዳጅ ዘመድ ጋር መጋራት ይሻላል። ለሕዝብ ከከፈታችሁት ሊሚተሩን (የጥያቄ ብዛት ገዳቢውን) ቫልኪ ከተባለው የመረጃ ማከማቻ ሶፍትዌር ጋር አብሩ፤ ያለዚያ ቦቶች (ራሳቸውን ችለው የሚጠይቁ ፕሮግራሞች) ይወሩትና ካፕቻው አያላውሳችሁም።

የምትጠቀሙበት ሰርቨር ባለቤት መዋጮ የሚቀበል ከሆነ የቻላችሁትን ጣል አድርጉለት፤ የሰርቨሩን ኪራይ ብዙዎቹ የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው። በድጋሚ፣ ኑሩልን!